አድዋ ላይ የፈረመው አድሚራል

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

"የሂዌት ውል" የሚለውን ስም የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድደነዋል። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም.፣ አድዋ፣ አፄ ዮሐንስ፣ እንግሊዝ፣ ግብጽ። ከዚያ "እንግሊዝ ከዳች" እንልና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንሄዳለን። ሂዌት ማን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ነው። ስሙ ውሉ ላይ ቀረ፣ ሰውየው ጠፋ።

ዛሬ የማወራው ስለ ሰውየው ነው። ክህደቱን ለማስተባበል አይደለም፤ ክህደቱ እውነት ነው። ግን እንግሊዞች ምን ዓይነት ሰው እንደላኩብን ካየን፣ ውሉ ለምን እንደዚያ ቀዳዳ በቀዳዳ እንደሆነ ይገባናል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ በየመሀሉ ስንቀንስ ስንደምር እንዳናመሽ።

ዊሊያም ሂዌት በ1834 ብራይተን በምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ያውም የንጉሥ ዊሊያም አራተኛ ሐኪም። ልጁ ባሕር ኃይል የገባው በ1847 ነው። አስቡት፣ ገና 13 ዓመት አልሞላውም። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ከዩኒቨርሲቲ አይወጣም። በልጅነቱ መርከብ ላይ ይጫናል፣ እዚያው ያድጋል፣ ገመድ መሳብም ሰው ማዘዝም እዚያው ይማራል። ዲፕሎማሲ የሚባል ትምህርት የለም። ሕግ የለም። ካርታ፣ ነፋስ፣ መድፍ ነው። በ1852 በበርማ ጦርነት ተካፈለ፤ ገና ጢሙ እንኳ በወጉ አልበቀለም።

ስሙ የተነሳው በክሪሚያ ጦርነት ነው። ይህችን ታሪክ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሰውየው ማን እንደሆነ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች።

1854፣ ኦክቶበር 26፣ ሴቫስቶፖል። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች የሩሲያን ምሽግ ከበዋል። ከመርከብ የወረዱ መድፎች ኮረብታ ላይ ተተክለዋል፤ የሚተኩሷቸውም መርከበኞቹ ናቸው። ሂዌት ቢግል ከምትባል መርከብ የመጣ የ20 ዓመት ወጣት ነው። (ዳርዊን የተጓዘባት ቢግል ናት ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለችም። ስሟን የወረሰች ሌላ መርከብ ናት።) በቀኝ በኩል ያለውን ላንካስተር የሚባል ትልቅ መድፍ በኃላፊነት ይዟል።

ሩሲያዎች በብዛት ወጥተው በጎን በኩል መጡበት። መድፉ ደግሞ የተነጣጠረው ወደ ፊት ነው፣ ወደ ምሽጉ። በዚያ መሀል ከአንድ የምድር ጦር መኮንን ተላከ የተባለ ትእዛዝ ደረሰው። የመድፉን መለኮሻ ቀዳዳ በምስማር ደፍነህ፣ ለጠላት እንዳይጠቅም አድርገህ ሽሽ የሚል። ሂዌት ትእዛዙ ከራሱ አለቃ ከካፒቴን ሉሺንግተን እንዳልመጣ፣ እስኪመጣ ድረስም እንደማያደርገው መለሰ። ከዚያ በአጠገቡ ካሉት ወታደሮች ጋር ሆኖ መድፉን የከለለውን የአፈር ግንብ ናደው፣ ያንን ግዙፍ ብረት ገፍተው አዞሩት፣ በሚመጣው ጠላት ላይ በቅርብ ርቀት ለቀቁበት። ሩሲያዎቹ ተመለሱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በኢንከርማንም ተዋጋ። ቪክቶሪያ መስቀል የተባለው የጀግንነት ሜዳይ በ1856 ሲቋቋም፣ መጀመሪያ ከተሸለሙት ሰዎች አንዱ እሱ ሆነ። እንግዲህ ሂዌት ማለት ይህ ነው። እግሩ በቆመበት ቦታ፣ ዓይኑ ባየው ነገር፣ በራሱ ሥልጣን የሚወስን ሰው። ከላይ የመጣውን ወረቀት "ቆይ" የሚል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የገጠመን ይህ ሰው ነው፤ የሚያሳዝነው፣ የኛ ጉዳይ በእሱ ውሳኔ የሚያልቅ ጉዳይ አልነበረም።

ከክሪሚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። በንግሥቲቱ የግል መርከብ ላይ አገለገለ፣ ማዕረግ ወጣ፣ በ28 ዓመቱ ካፒቴን ሆነ። ዓመታትን በቻይና ባሕር አሳለፈ። በ1873 ኮሞዶር ተብሎ የምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አዛዥ ሆኖ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም።

"የጠረፍ አዛዥ" የሚለው ነገር ሊያሳስተን ይችላል። ሥራው መርከብ መንዳት ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከለንደን ራቅ ባለ ጠረፍ ላይ የቆመ የባሕር ኃይል አዛዥ ዳኛም ነው፣ አስታራቂም ነው፣ ግብር ሰብሳቢም ነው፣ ቀጪም ነው። በአሻንቲ ጦርነት የባሕር ኃይሉን ወገን መርቶ አሁን ጋና በምንለው አገር ዘልቆ ገባ። አሞአፉል ላይ በጃንዋሪ 1874 መጨረሻ ውጊያ ተደረገ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የአሻንቲ ዋና ከተማ ኩማሲ ተያዘች። እንግሊዞች ከተማዋን አቃጥለው በቀናት ውስጥ ወጡ፤ አልቆዩም። በዚያው ዓመት ሂዌት "ሰር" የሚያሰኘውን ማዕረግ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ተዘረፈች ተብሎ ኮንጎ ወንዝ ገብቶ መንደሮችን ቀጣ። ቀጥሎ ደግሞ በዳሆሜ ንጉሥ ላይ በዘንባባ ዘይት የሚከፈል መቀጫ ጣለ፤ ንጉሡ እምቢ ሲል ጠረፉ በመርከብ ተዘጋ።

ልብ በሉልኝ። መምጣት፣ መጨረስ፣ መሄድ። የሙያው ባሕርይ ነው። አንድ ጣቢያ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ተዛውሮ ሌላ ባሕር ላይ ይገኛል። የፈረመው ወረቀት ምን ላይ እንደደረሰ የሚጠይቀው የለም፤ ወረቀቱ ሲጣስ ፊቱን የሚያሳየው ሰውም የለም። ይህን የምለው ሂዌትን ለመውቀስ አይደለም። በግሉ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ነበር የሚያሰኝ ነገር አላየሁም።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንምጣ።

በ1882 የምሥራቅ ኢንዲስ ጣቢያ ጠቅላይ አዛዥ ሆኖ ተሾመ። ይህ ጣቢያ የህንድን ውቅያኖስና ቀይ ባሕርን ይዞ የሚንሳፈፍ ጠቅላይ ግዛት ማለት ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ግብጽን ወረረች፤ ሂዌት ሱዌዝ ከተማን ያዘ፣ ቦዩን ጠበቀ። ግብጽ ለስሙ የገዥዋ የኬዲቩ፣ በተግባር የእንግሊዝ ሆነች። የግብጽ ዕዳም አብሮ መጣ፣ የገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የሱዳኑም።

ሱዳን ማሕዲ ነኝ ብሎ በግብጽ ላይ በተነሳ የሃይማኖት መሪ እሳት እየነደደች ነበር፤ ተከታዮቹ የኛ ሰዎች ድርቡሽ የሚሏቸው ናቸው። በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1884 ቤከር ፓሻ የሚባል እንግሊዛዊ የመራው የግብጽ ጦር ሱዋኪን አጠገብ ኤል ቴብ ላይ በማሕዲው የጦር አዛዥ በዑስማን ዲግና ሰዎች ተደመሰሰ። ከ3,700 ገደማ ሰው ከ2,000 በላይ አለቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ሂዌት መርከበኞቹን ወደ ሱዋኪን አወረደ፤ የከተማዋን አስተዳደርም ተረከበ። አድሚራሉ አሁን ገዥም ሆነ። በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ሁለት ትልልቅ ውጊያዎች ተደረጉ። በዚያ መሀል ሂዌት አንድ ነገር አደረገ፣ የክሪሚያውን ልጅ የሚያስታውስ። የዑስማን ዲግናን ራስ ላመጣ ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ አዋጅ አስነገረ። ለንደን ላይ ጫጫታ ሆነ፣ መንግሥት አፈረ፣ አዋጁ ተሻረ። ስለዚህ ወደ አድዋ ከመምጣቱ ከሳምንታት በፊት አንድ ነገር በሚገባ ተምሮ ነበር፤ እሱ ያለውን ለንደን በአንድ ቴሌግራም ልትሽረው እንደምትችል።

ያንን እሱ ያውቃል። አፄ ዮሐንስ ማወቃቸው ነው አጠያያቂው።

ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝን የሚያውቋት በሌላ ገጿ ነው። በ1868፣ ገና ደጃዝማች ካሳ ሳሉ፣ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ በትግራይ አሳለፉት። ናፒየር እንዳለው አደረገ። ቴዎድሮስን መታ፣ እስረኞቹን ይዞ ወጣ፣ ሲወጣም መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ለዘውድ ያበቃቸው አንዱ ያ መሣሪያ ነው። እንግሊዝ ማለት ያለችውን አድርጋ የምትሄድ አገር ናት ብለው ቢያስቡ ማን ይፈርድባቸዋል? ከግብጽ ጋር ደግሞ በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ ተዋግተው አሸንፈዋል። አሸንፈው ግን ያጡትን አላገኙም። በከረን ዙሪያ ያለው ቦጎስ በግብጽ እጅ ነው፣ ምጽዋ ተዘግታለች፣ ጳጳስ ማስመጣት እንኳ በግብጽ ፈቃድ ነው። የግብጽ ሹመኛ የነበረው እንግሊዛዊ ጎርደን በ1879 ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ተነጋግረው ነበር፤ ያለ ውጤት ተለያዩ።

በ1884 ሚዛኑ ተገለበጠ። አሁን የቸገራት እንግሊዝ ናት። በከሰላ፣ በአሚዲብ፣ በሰንሂትና በሌሎችም ቦታዎች የግብጽ ጦር ሰፈሮች በድርቡሽ ተከበዋል። በዚህ በኩል ያለው መውጫ በኢትዮጵያ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ከዮሐንስ መንገድ ተለመነ።

ሂዌት በኤፕሪል ምጽዋ ወረደ። ከእሱ ጋር ኬዲቩን የወከለው ሜሰን ቤይ ነበር፤ የግብጽ ሹመኛ ሆኖ ምጽዋን የሚያስተዳድር አሜሪካዊ። እንግዲህ ቡድኑን ተመልከቱት። እንግሊዛዊ አድሚራል እና በግብጽ ደሞዝ የሚኖር አሜሪካዊ፣ ስለ ቦጎስ ሊደራደሩ በበቅሎ ደጋውን ይወጣሉ። አስመራ አካባቢ የራስ አሉላ አገር ነው፤ ያለ ራስ አሉላ ፈቃድ ወፍ አያልፍም። አድዋ ሲደርሱ ንጉሠ ነገሥቱ አልነበሩም። ሂዌት ሳምንታት ጠበቀ። ባሕር ላይ ሰው የሚጠብቀው አድሚራል፣ ምድር ላይ ንጉሥ ጠባቂ ሆነ። ይህችን ነገር እወዳታለሁ፤ ጥድፊያው የማን እንደነበረ ታሳያለች።

በጁን 3 ተፈረመ። የባሪያ ንግድን ስለማስቆም ሌላ ውልም አብሮ ተፈረመ። ዋናው ውል ሰባት አንቀጽ ብቻ ነው። አጭር ናት፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታነቧታላችሁ። አንዳንዶቹን ጠጋ ብለን እንያቸው።

አንደኛው አንቀጽ፣ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ማንኛውም ዕቃ፣ መሣሪያና ጥይት ጭምር፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያና ከኢትዮጵያ በነጻ ይተላለፋል ይላል። ሁለተኛው፣ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ቦጎስ ለንጉሠ ነገሥቱ ይመለሳል፤ የግብጽ ጦር ከከሰላ፣ ከአሚዲብና ከሰንሂት ሲወጣም ሕንጻውና ያለው መሣሪያ ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱ ይሆናል ይላል። ሦስተኛው የዮሐንስ ግዴታ ነው፦ ጦሮቹን በኢትዮጵያ በኩል ወደ ምጽዋ እንዲወጡ መርዳት። አራተኛው ስለ ጳጳስ፣ አምስተኛው ሸሽተው የሚመጡ ወንጀለኞችን ስለ መለዋወጥ ነው። ስድስተኛው፣ ዮሐንስ ከኬዲቩ ጋር ጠብ ቢነሳባቸው ለእንግሊዝ ንግሥት ዳኝነት ያቀርባሉ ይላል።

አሁን ቀዳዳዎቹን እንቁጠር። ምጽዋ ለዮሐንስ አልተሰጠችም። "በእንግሊዝ ጥበቃ" ሥር ነጻ መተላለፊያ ብቻ ነው የተሰጠው። እንግሊዝ ጥበቃዋን ብታነሳስ? ውሉ አይልም። ጠብ ሲነሳ ዳኛ አለ፤ ግን ለየትኛው ጠብ? ከኬዲቩ ጋር ለሚነሳው ብቻ። ሦስተኛ ሰው ቢመጣ፣ ምጽዋ ላይ ሌላ ባንዲራ ቢሰቀል፣ ውሉ ድምፅ የለውም። በዚያ ላይ ዮሐንስ የተቀበሉት ሥራ ከድርቡሽ ጋር የሚያጣላ ነው፤ ድርቡሽ ቢመጣባቸው እንግሊዝ ትረዳለች የሚል አንድ ቃል የለም።

እንደኔ እንደኔ ይህ ተንኮለኛ ጠበቃ የጻፈው ውል አይመስልም። የቸኮለ ወታደር ውል ነው። ዛሬ ያለውን ችግር ዛሬ ይፈታል፦ ጦሩ ይውጣ፣ ዋጋው ይከፈል፣ እንሂድ። ለነገ የሚያስብ ሰው "እንግሊዝ ምጽዋን ለሌላ አሳልፋ አትሰጥም" የሚል አንድ መስመር ይጨምር ነበር። ሂዌት ያንን ለመጻፍ ሥልጣንም አልነበረው ይሆናል። የዮሐንስ አማካሪዎችስ ለምን አልጠየቁም? ይህን ጥያቄ የኛ የታሪክ መምህራን ብዙ አያነሱትም፤ መነሳት ያለበት ይመስለኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ጠላት አድርገው ያዩት ግብጽን ነው። በውሉ ላይ ግብጽ በደንብ ታስራለች። ያልታሰረችው ገና ያልመጣችው ናት።

ንግሥት ቪክቶሪያ ውሉን በሚቀጥለው ወር አጸደቀችው። ሂዌትም በዚያው ወር ምክትል አድሚራል ሆነ።

ዮሐንስ የበኩላቸውን አደረጉ። ይህ መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ ውሉ በሁለቱም በኩል የላላ ሆኖ ይነገራል። በሴፕቴምበር ቦጎስን ተረከቡ፣ የራስ አሉላ ሰዎች ከረን ገቡ። ከዚያ አሉላ ጦር ሰፈሮቹን አንድ በአንድ እያስወጡ ወደ ምጽዋ ሸኙ። ከሰላ ላይ ግን አልደረሱም፤ በ1885 ክረምት ላይ ከተማዋ በድርቡሽ እጅ ወደቀች። አሉላ ግን ወደዚያው ዘምተው በሴፕቴምበር 23 ቀን 1885 ኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን ጦር ሰበሩ። ሂዌት በሽልማት ራሱን ያሳደደው ያው ዑስማን ዲግና ነው። ብዙ የአሉላ ሰው ወደቀ። ለማን ብለው? በሌላ አገር ጦር ሰፈር፣ በሌላ አገር ውል።

የእንግሊዝ በኩል ደግሞ ይህን ይመስላል። ዲሴምበር 1884፣ የአድዋ ቀለም ከደረቀ ገና ግማሽ ዓመት ነው። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ግራንቪል፣ ጣልያን ምጽዋን ብትይዝ እንግሊዝ ተቃውሞ እንደሌላት ለጣልያን አምባሳደር አሳወቁ። ፈረንሳይ ከምትይዘው ጣልያን ይሻላል የሚል ስሌት ነው። በጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ካርቱም ወደቀች፣ ጎርደን ተገደለ። ልክ በአሥረኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 5፣ ጣልያኖች ምጽዋ ወረዱ። አሉላ ከሰላን ለማዳን የዘመቱት ከዚህም በኋላ ነው፣ ይህንን አትርሱብኝ።

ከዚያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጣልያን ወደ ሰሃጢ ተጠጋ፤ በጃንዋሪ 1887 ዶጋሊ ላይ አሉላ ወደ 500 የሚጠጋ የጣልያን ጦር ደመሰሱ። እንግሊዝ አስታራቂ ሆና መጣች። በ1887 መጨረሻ ጄራልድ ፖርታል የተባለ ወጣት ዲፕሎማት የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ዮሐንስን አገኛቸው። ለጣልያን መሬት ልቀቁ ነው ነገሩ። የንጉሠ ነገሥቱ መልስ ዋና ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ግብጾች በወሰኔ ላይ የለቀቁት አገር አድሚራል ሂዌት ባደረገው ውል፣ በእንግሊዝ አነሳሽነት ለእኔ ተሰጥቷል፤ አሁን ደግሞ መልስ ልትሉኝ ትመጣላችሁ? ፖርታል ባዶ እጁን ተመለሰ።

ስሙን ጠርተው ነው የተናገሩት፦ አድሚራል ሂዌት። ለእሳቸው ውሉ ሰው አለው። ፊት ለፊት ተቀምጦ የፈረመ፣ ማኅተም ያደረገ ሰው። ለፖርታል ግን ሂዌት ከእሱ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ያለፈ አንድ ስም ነው። ቤተ መንግሥቱ ቃልን ከሰው ጋር ያያይዛል፤ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ከፋይል ጋር። ድርድሩ የተሰበረው፣ ከጥቅሙ ግጭት በተጨማሪ፣ እዚህችም ላይ ይመስለኛል።

ሂዌት ራሱ በዚያን ጊዜ የት ነበር? ከ1886 ጀምሮ እንግሊዝ አገር፣ የቻነል መርከብ ጓድ አዛዥ ሆኖ ነበር። ከባሕር ኃይሉ ትልልቅ ሹመቶች አንዱ ነው። ጤናው ግን ታውኮ ነበር። በ1888 ጸደይ ሥራውን አስረከበ፤ በሜይ 13 በፖርትስመዝ አጠገብ በሃስላር የባሕር ኃይል ሆስፒታል ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ድርቡሾች ጎንደር ገብተው አቃጥለዋል፤ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በዓመቱ፣ በማርች 1889 ነው።

ስለ መተማ እዚህ ልጀምር ብል ሌላ ምሽት ያስፈልገናል። ከኋላ ያሉት ወንድማችን ገና ስለ ግራንቪል ስናገር ጀምሮ እጃቸውን አውጥተው ነበር፤ መድረኩን ለእሳቸው ልልቀቅ።